ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? መኪና ከመግዛትዎ በፊት ወጪውንና ጉልበቱን የሚያመዛዝኑበት መንገድ

«ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ እንደ መላሹ ነው። ፒክአፕ የሚነዳው ናፍጣን ያወድሳል፣ ቪትዝ ያለው በቪትዝ ይምላል፣ ደላላው በእጁ ያለውን ያመሰግናል። ትክክለኛው መልስ ግን የሚገኘው እርስዎ ራስዎ ከሚነዱበት መንገድ ነው። እሱን ለማግኘት ስልክ፣ እስክሪብቶና ሁለት ሳምንት ይበቃል።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞረው በአብዛኛው እዚሁ ሲነዳ የቆየ መኪና ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ዛሬ አንዴ የተገዛ መኪና እንደ ልብ አይቀየርም፤ ለዓመታት ከገዢው ጋር ይቆያል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። በማደያው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የሊትር ዋጋ ብቻ አይቶ መምረጥ የትም አያደርስም። ነገሩን የሚወስኑት ሁለት ናቸው፦ በወር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዱ፣ እንዲሁም የሚገዙት ናፍጣ ከሆነ ፖምፓው (ናፍጣውን የሚገፋው ፓምፕ) እና ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት) በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ለማወቅ ነው።

1. የወር ኪሎ ሜትርዎን ይያዙ

አሁን መኪና ካለዎት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዛሬ ጠዋት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመው ያንሱና ልዩነቱን በሁለት ያባዙት። መኪና ከሌለዎት የዘወትር መንገድዎን በስልክ ካርታ ይለኩ። ቤትዎ ሰሚት ሥራዎ ሜክሲኮ ከሆነ ደርሶ መልሱን በሥራ ቀን ያባዙ፤ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄዱበትንም ይጨምሩ።

ከዚያ ቁጥሩን ለሦስት ይክፈሉት፦ የከተማ መንገድ፣ የአገር አቋራጭ መንገድ፣ ዕቃ ወይም ብዙ ሰው ጭነው የሚሄዱት። ይህ ክፍፍል ከጠቅላላው ቁጥር ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር በቦሌና በመገናኛ መሐል የሚነዳ ሰውና ያንኑ ያህል በጅማ መንገድ የሚነዳ ሰው የሚያስፈልጋቸው መኪና አንድ አይደለም።

2. «በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለውን ራስዎ ይለኩ

ሻጭ የሚነግርዎትን ቁጥር አይመኑ። የአምራቹ ወረቀት ላይ ያለውም የተለካው በእኛ መንገድ፣ በእኛ ዳገትና በእኛ የትራፊክ መጨናነቅ አይደለም። አሁን በሚነዱት መኪና ላይ ይለማመዱ። ሊገዙት ያሰቡትን ዓይነት መኪና የሚነዳ ወዳጅ ካለዎት ደግሞ እሱም እንዲለካልዎት ይለምኑት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማደያ ገብተው ነዳጅ ቀጂውን «ወንድሜ፣ ሙላልኝ፤ መጀመሪያ ሲቆርጥ ግን ተው፣ አትጨምርበት» ይበሉት። መቅጃው በራሱ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ሲቆም ማለት ነው። እዚያው ቆመው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጻፉ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር እንደ ልማድዎ ይንዱና ወደዚያው ማደያ ተመልሰው በዚያው አኳኋን ያስሞሉ። የነዱትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ጊዜ በገባው ሊትር ሲያካፍሉ በሊትር ስንት እንደሚሄድ ያገኛሉ። ለምሳሌ 336 ኪሎ ሜትር ነድተው 24 ሊትር ከገባ፣ መኪናው በሊትር 14 ይሄዳል ማለት ነው።

የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል መንገዶች መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ደረሰኝ ቢጠፋብዎት እንኳ የከፈሉት ብር ስልክዎ ላይ ከነቀኑ አለ፤ ለዕለቱ የሊትር ዋጋ ያካፍሉትና ሊትሩን ያገኛሉ። ከአሜሪካ የገባ መኪና ከሆነ ቆጣሪው በማይል መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ አንድ ማይል ከ1.6 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህን ሳያዩ ያሰሉ ሰዎች መኪናቸው «ነዳጅ ጠጪ» ይመስላቸዋል።

ናፍጣ በሊትር አብዝቶ የሚሄድበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይይዛል። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ሞተር አየሩን እጅግ አጥብቆ ይጨምቃል። የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አየሩን ከ9 እስከ 11 እጥፍ ሲያምቅ፣ ናፍጣው ከ15 እስከ 22 እጥፍ ያምቃል፤ ናፍጣው ያለ ካንዴላ ብልጭታ የሚነደውም በዚህ እመቃ ሙቀት ነው። ሦስተኛ፣ የቤንዚን ሞተር ጋዝ ባልተረገጠ ጊዜ የአየር መግቢያው ስለሚጠብ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ናፍጣው ይህ ትግል የለበትም። ለዚህ ነው ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚንተከተክ ናፍጣ ከቤንዚኑ ያነሰ የሚጠጣው።

3. በኪሎ ሜትር ስንት ብር?

አሁን የሊትሩን ዋጋ በሊትር በሚሄደው ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚለው የቆየ አባባል ዛሬ በማደያው ዋጋ ብቻ አይቆምም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሲሆን ነጭ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 እና 98 ብር ከ98 ሆኑ። ልዩነቱ ያኔ ከአንድ ብር ያነሰ፣ ቢበዛ ሁለት ብር ተኩል ነበር። ቁጠባ ካለ የሚመጣው በሊትር ከሚሄደው ነው።

ለስሌት እንዲመች ሁለቱንም በሊትር 100 ብር እንበል፤ እርስዎ በዕለቱ ዋጋ ይቀይሩት። አንድ ዓይነት ፒክአፕ፣ አንዱ ናፍጣ በሊትር 10 የሚሄድ፣ ሌላው ቤንዚን በሊትር 8 የሚሄድ ይሁኑ። ናፍጣው በኪሎ ሜትር 10 ብር፣ ቤንዚኑ 12 ብር ከ50 ያስወጣሉ። ልዩነቱ በኪሎ ሜትር 2 ብር ከ50 ነው።

ናፍጣው ሲገዛ በ400,000 ብር ይወደዳል እንበል። 400,000ን ለ2.50 ሲያካፍሉ 160,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ይህን ብር በነዳጅ ለማካካስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በወር 4,000 የሚነዳው ግን በ40 ወር ይጨርሰዋል። መኪናው አንድ ነው፤ ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው የታሰረ ገንዘብ ይሆናል።

«የታሰረ» ያልኩት አውቄ ነው። ናፍጣ መኪና ሲሸጥም ተወድዶ ስለሚሸጥ ያ 400,000 ብር ጨርሶ አይጠፋም፤ የሞተሩ ጤንነት ከተጠበቀ ብዙው ይመለሳል። ብሩን ተበድረው ከሆነ ግን ወለዱ አይመለስም፤ እሱን እንደ ወጪ ይቁጠሩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው በአንድ መጠንና ክብደት ያሉ መኪናዎች ሲወዳደሩ ነው። በሊትር 14 የምትሄድ ትንሽ የቤንዚን መኪና በዚሁ ዋጋ በኪሎ ሜትር 7 ብር ገደማ ታስወጣለች፤ ናፍጣው ፒክአፕ 10 ብር። ሰው ብቻ ይዞ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ናፍጣ ፒክአፕ በነዳጅም ቢሆን ቁጠባ አይደለም።

ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱና የዓመት ምርመራው በሁለቱ መካከል ምርጫ የሚያስቀይር ልዩነት ስለማያመጡ አልዘገይባቸውም።

4. የጥገናውን ወጪ ከነመልኩ ያስገቡ

የናፍጣና የቤንዚን ጥገና የሚለያዩት በመጠን ብቻ አይደለም። የቤንዚን መኪና ወጪ ትንሽ ትንሽ እያለ ይመጣል፦ ካንዴላ፣ ኮይል፣ የአየር ፊልትሮ፣ የጋዝ መግቢያውን ማጽዳት። የናፍጣው ወጪ ግን ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን በአንዴ ይመጣል፦ አራት ኖዝል፣ ፖምፓ፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባው)። የወር ደመወዝ የሚቀበል ሰው ይህን ከነዳጁ ይልቅ ማሰብ አለበት፤ ምክንያቱም የነዳጁን ወጪ በወሩ ይለምደዋል፣ ኖዝሉ ግን ቁጠባውን በአንድ ሳምንት ይወስደዋል።

ዘይቱን ይመልከቱ። ብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው 1ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ዘይት ይበቃዋል። ዲፎርዲ የሚባለው የሃይሉክስ ፒክአፕ 3.0 ናፍጣ ሞተር ወደ 7 ሊትር ይፈልጋል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ደግሞ 1ኤንዜዱ በሰንሰለት ስለሚሠራ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቅ ቀበቶ) የለውም፤ የዲፎርዲው 2.5ና 3.0 ሞተሮች ግን ቺንጋ አላቸው፤ በ150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተፈትቶ ይወርዳል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ መቼ፣ የት፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ ይጠይቁ። መልስ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ሂሳቡን ከዋጋው ይቀንሱ።

ናፍጣ ሲባልም ሁለት ዓይነት እንዳለ ይወቁ። የድሮዎቹ፣ ለምሳሌ የቶዮታ 5ኤልና 1ኤችዜድ፣ ፖምፓቸው ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ቀርፋፋ ናቸው፣ ያጨሳሉ፤ ግን ቆሻሻ ነዳጅ ይችላሉ፣ በየትኛውም ከተማ የሚፈታቸው መካኒክ አይጠፋም። አዲሶቹ ኮመንሬይሎች (ለሁሉም ኖዝል ናፍጣ ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚከፋፈልባቸው) ናፍጣውን ከ1,000 ባር እጅግ በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት። ጉልበታቸው ግሩም ነው፣ ሲነዱ ጸጥታቸው ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚያ ግፊት ላይ ትንሽ ውሃ ወይም ደቃቅ አሸዋ ኖዝሉን ይበላዋል። ነዳጅ በጀሪካን ከመንገድ ዳር በሚገዛበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው አዲሱን ኮመንሬይል አልመክርም፤ ድሮው ይሻለዋል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓውን ከውስጥ ያደርቀዋል።

ከአውሮፓ የመጡ አዳዲስ ናፍጣዎች ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ከማርሚታው ጋር አብሮ ይኖራል። ይህ ማጣሪያ የተሠራው እጅግ አነስተኛ ድኝ ላለው ናፍጣ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የተጠራቀመውን ጥላሸት ራሱን አሙቆ ለማቃጠል ሳይቆም በፍጥነት መነዳትንም ይፈልጋል። ከሳር ቤት ፒያሳ ብቻ የሚመላለስ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፣ መኪናው ጉልበት ያጣል። እንዲህ ያለ መኪና ለከተማ ሥራ አይግዙ።

ለስሌቱ የምመክረው ይህን ነው፦ ናፍጣ ከሆነ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ ቢያንስ አንድ ብር ለፖምፓና ለኖዝል ያስቀምጡ፤ ከመግዛትዎ በፊት ሶማሌ ተራ ሄደው የኖዝልና የቱርቦ ዋጋ ጠይቀው ይህችን አንድ ብር ያስተካክሏት። ከላይ ያገኘነው 2 ብር ከ50 ወደ 1 ብር ከ50 ይወርዳል። 400,000 ብሩን ለማካካስ የሚያስፈልገው መንገድም 160,000 መሆኑ ቀርቶ ከ266,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በወር 4,000 ለሚነዳ አምስት ዓመት ተኩል፣ በወር 1,000 ለሚነዳ 22 ዓመት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው፦ በወር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከተማ ውስጥ፣ ያለ ጭነት ከሆነ ቤንዚን። ከ3,000 በላይ፣ አገር አቋራጭ፣ ጭነት ካለ ናፍጣ። በመሐል ያለ ሰው ነዳጁን ትቶ የተሻለ የተያዘውን መኪና ይግዛ።

ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ ወንድም የሚሰጠውን ምክር ለዚህ ስሌት አያስገቡት። አሜሪካ ውስጥ ናፍጣ ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ቤንዚን ይወደዳል፤ ለንደን ደግሞ በአውሮፓ የጭስ ደረጃ ቤንዚን ከሆነ «ዩሮ 4»፣ ናፍጣ ከሆነ ግን «ዩሮ 6» ያልደረሰን መኪና በየቀኑ ያስከፍላል። እነሱ ለራሳቸው መንገድ ትክክል ናቸው።

5. ጉልበቱን በከፍታ ላይ ይመዝኑት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ጉልበት ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያጣል። ወረቀት ላይ 160 የፈረስ ጉልበት የተባለ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን እዚህ 120ዎቹ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ራሱ ገፍቶ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በእኛ አገር «ናፍጣ ጉልበት አለው» የሚባለው እውነትነቱ በአብዛኛው የቱርቦው ነው። ቱርቦ የሌለው 5ኤል ከነጭነቱ ጣርማበር ዳገት ላይ ሲያቃስት ያየ ይህን ያውቃል።

ለማወዳደር አንድ ሃይሉክስ እንውሰድ። 2.7 ቤንዚኑ ወደ 160 የፈረስ ጉልበት፣ የመጎተት ኃይሉ ወይም ቶርኩ 240 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን የሚያገኙት ግን በደቂቃ ወደ 4,000 ዙር ሲደርስ ነው። 3.0 ዲፎርዲው የፈረስ ጉልበቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቶርኩ ግን 343 ነው፣ የሚጀምረውም ከ1,400 ዙር ነው።

ይህ ቁጥር በመንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ዓባይ በረሃ ላይ ይታያል። ከጎሃ ጽዮን ወርደው ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ መመለስ አለብዎት። ቤንዚኑን ከነጭነቱ ይዘው ሲወጡ ሦስተኛ፣ አንዳንዴ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ የሙቀት ጌጁን ማየት ይጀምራሉ፣ ከፊት ያለውን ሲኖትራክ ለመቅደም ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ይጠብቃሉ። ናፍጣው በሁለት ሺህ ዙር ድምፁን ሳያሰማ ይጎትታል፤ ማርሽ መቀየርም ይቀንሳል። ባዶውን፣ በሜዳ፣ በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ይህ ልዩነት አይሰማዎትም። እዚያ ቤንዚኑ ይፈጥናል፣ ጸጥ ይላል፣ መሪውም ይቀላል፤ የናፍጣ ሞተር ብረቱ ስለሚወፍር የመኪናው አፍንጫ ይከብዳል።

እንግዲህ ከወር ኪሎ ሜትርዎ ውስጥ የዳገትና የጭነቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ደረጃ 1 ላይ ጽፈውታል። ድርሻው ትንሽ ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚወጡት ዳገት ብለው ዓመቱን ሙሉ የናፍጣ ሂሳብ አይክፈሉ።

6. ለማየት ሲሄዱ

ሻጩን ማታ ደውለው «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ እባክዎ እስክደርስ እንዳያስነሱት» ይበሉ። እንደደረሱ ከሰላምታ በፊት እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ ቀድሞ ተነሥቷል፤ ሌላ ቀን ይመለሱ። የናፍጣ መኪና ሕመሙ የሚታወቀው በብርዱ ነው፤ በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቀዝቃዛ አገር ለሚኖር።

ቁልፉን ሲከፍቱ የማሞቂያው መብራት በርቶ ይጥፋ፣ ከዚያ ያስነሱ። ጤነኛ ናፍጣ ሞተሪኖው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዞረው ይነሣል። አሁን ወደ ኋላ ሄደው ጭሱን ይዩ፦

ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው፤ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ ቱርቦ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ጭስ ሲነሣ ትንሽ ታይቶ ቢጠፋ ችግር የለውም። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋና ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ኖዝል ወይም እመቃ፤ ጣፋጭ ነገር የሚሸት ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፍቱና ገልብጠው ቀዳዳው ላይ በቀስታ ያስቀምጡት። ናፍጣ ላይ ክዳኑ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ተፈጥሮው ነው። ክዳኑ ከቦታው ከተወረወረ፣ ከቀዳዳውም እንደ ጀበና አፍ ጭስ በየምቱ የሚወጣ ከሆነ፣ እመቃው በፒስቶን ፋሻው በኩል እያመለጠ ነው፤ ይህ ሞተር ለመውረድ (ተፈትቶ ለመታደስ) ተቃርቧል። ቀለምና ወንበር ምንም ያህል ቢያምር ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋ አይነጋገሩ።

ኮመንሬይል ከሆነ የኖዝሎቹን መመለሻ የሚለካ መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ከእያንዳንዱ ኖዝል ወደ ታንከሩ የሚመለሰውን ናፍጣ በየብልቃጡ ይቀበላል። አራቱ ብልቃጥ እኩል ከሞሉ መልካም ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከሞላ ያ ኖዝል ተበልቷል። የመካኒኩ ክፍያ ከኖዝሉ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በኮምፒውተርም የየኖዝሉን ማስተካከያ ቁጥር ማየት ይቻላል፤ ሁለቱንም ቢያደርጉ ይበልጥ ይተማመናሉ።

ቤንዚን ከሆነ ምርመራው ያጥራል። ቁልፉ ሲከፈት የሞተር ምልክቱ መብራት ክሩስኮቱ ላይ መብራት አለበት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ወይም ሽቦው ተነቅሎ ይሆናል። በቆመበት ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ካንዴላና ኮይል ያስፈትሹ። ለሁለቱም ዓይነት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት የራዲያተር ክዳኑን ከፍተው ውሃው ላይ ዘይት መኖሩን ይመልከቱ።

በመጨረሻ አራት ሰው ጭነው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጡ። ቤንዚኑ ጋዝ ሲረገጥ እንደ ጠጠር የሚንቋቋ ድምፅ ካሰማ ነዳጁ ያለ ጊዜው እየነደደ ነው። ናፍጣው ላይ ቱርቦው ወደ 2,000 ዙር ሲቃረብ ሲገፋዎት ሊሰማዎት ይገባል። ካልገፋ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ቱርቦው ደክሟል።

7. ከገዙ በኋላ

ናፍጣ ከገዙ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮውን ይቀይሩ። የአምራቹ መጽሐፍ የናፍጣ ፊልትሮውን ጊዜ ቢያስረዝመውም በእኛ ነዳጅ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር እመክራለሁ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ በየወሩ ከፍተው በጠርሙስ ይቀበሉ፤ ውሃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ሆኖ ይለያል። ከረጅም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት፤ ቱርቦው ሙቀቱን እስኪያወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ። በተዘጋ ግቢ ውስጥ ግን ጠዋት ጠዋት እያንተከተኩ አይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይህ ቀልድ አይደለም።

ማደያ ላይ በስሕተት ቤንዚን ናፍጣው ውስጥ ቢቀዳ ቁልፉን እንኳ አይክፈቱ። አንዳንድ መኪና ላይ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ፖምፓው መሳብ ይጀምራል። መኪናውን ገፍተው ያውጡና ታንከሩ ይራገፍ።

ደረጃ 2 ላይ የተማሩትን መለኪያ አይተዉት። በገዙበት ወር ያገኙትን ቁጥር ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ባለ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ በየሦስት ወሩም ይድገሙት። በሊትር 10 ይሄድ የነበረው 9 ላይ ከወረደ፣ ጎማው ነፋስ እንዳልጎደለውና ፍሬኑ እንዳልያዘ ካዩ በኋላ ወደ ኖዝል ቤት ይውሰዱት፤ በዚህ ጊዜ የሚደርስ ሰው አንድ ኖዝል አሠርቶ ይመለሳል፣ ጭስ እስኪታይ የሚጠብቅ አራቱንም ከነፖምፓው ይገዛል።